ሐጂ ሙሜ ስለ እኔ ያስጻፉት ደብዳቤ

ከአዲስ አበባ ወደ ጭሮ ስንመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ቦርደዴ ላይ ጎማው ተነፈሰ። እኔ ለዓይኔ ሕክምና ደርሼ መምጣቴ ነበር፤ ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ጠብታ አዞ፣ «ማንበብ ቀነስ ያድርጉ» ብሎ አሰናብቶኛል። አብራኝ ያለችው የእህቴ ልጅ ሰላም ናት። ሰላም ከአዋሽ ጀምሮ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች ነበር። ምን እንደምትሠራ ብጠይቃት ውጭ አገር ለማስተርስ እያመለከተች እንደሆነ ነገረችኝ። «በምን?» አልኳት። «አንቺ በተማርሽው ነዋ፣ በፐብሊክ ፖሊሲ» አለችኝ። ደስም አለኝ፣ ነገሩም ቆረቆረኝና ጥያቄ አበዛሁባት። ዛሬ ማመልከቻ የሚገባው እንዴት ነው? ቅጹስ የታለ? ገንዘቡን የሚሰጠው ማነው? ሁሉም ስልኩ ውስጥ ነው። የማመልከቻው ክፍያ ግን ጭሮ ውስጥ በማንም ኪስ በማይገኝ ካርድ ካልሆነ አይከፈልም፤ ስለዚህ ዱባይ ያለች ጓደኛዋ ትከፍልላታለች። ስኮላርሺፑ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ማመልከቻ አለው። ይህን ሁሉ ስታስረዳኝ ቆይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አክስቴ፣ አንዱን የድጋፍ ደብዳቤ አንቺ ብትሰጪኝስ? ምንም አትቸገሪም። ጽሑፉ ተዘጋጅቷል፤ ኢሜይል ሲመጣልሽ መጫን ብቻ ነው።» «ማን አዘጋጀው?» አልኳት። «ስልኩ» አለችና አነበበችልኝ። ትጉህ፣ ታታሪ፣ አርቆ አሳቢ፣ ለለውጥ የተነሣች። ይህቺ ልጅ ማን ትሆን ብዬ ዞር ብዬ አየኋት። እኔ የማውቃት ሰላም ከእንቅልፏ ለመነሣት ሦስቴ መጠራት የሚያስፈልጋት፣ ግን የያዘችውን ነገር ሳትጨርስ ምሳ የማትበላ ልጅ ናት። እሱን ስልኩ ከየት ያውቀዋል?

ጎማው የተነፈሰው ይህን እያሰብኩ ሳለ ነው። ወረድን። ቦርደዴን የሚያውቅ ሙቀቱን ያውቃል፤ ከመኪና ስትወርዱ የምድጃ አፍ ላይ የቆማችሁ ነው የሚመስላችሁ። በመንገዱ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሯል፣ ግመሎቹ አስፋልቱን እንደ ራሳቸው ግቢ ይሻገራሉ። ሾፌሩ ጎማውን እያንከባለለ ወደ ጎሚስታው ሲሄድ እኔ ጥላ ፍለጋ ከጎኑ ወዳለው የሞተር ዘይት መሸጫ ጠጋ አልኩ። ደጃፉ ላይ ጢሙን በሒና ያቀላ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሽማግሌ ተቀምጧል። አየኝ፣ አየሁት። «አስካለ?» አለ። ድምፁን ነው ያወቅሁት። ሸሪፍ ነበር። ሸሪፍ ወጣት ሳለን አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን የሠራን ባልደረባዬ ነው። ወደ ቆላ ወርዶ ንግድ ጀመረ ሲባል ሰምቼ ነበር እንጂ ከተያየን ሃያ ዓመት ሳያልፈን አይቀርም። «አፍወን ብለሻል፣ ደህና ነሽ ወይ? እንኳን በደህና መጣሽ!» እያለ በሐረርጌ ሰላምታ ተቀብሎኝ በርጩማ አወጣልኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። እኔ ግን መልስ እየሰጠሁ የማስበው ሌላ ነበር። ይህን ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጠይቀው ፈልጌ ያልጠየቅሁት አንድ ነገር አለ። ምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ያኔ ከተማችንን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት፤ እኔ አሁንም አፌ ላይ የሚቀድመው እሱ ነው። ሰላም በሰማች ቁጥር «ጭሮ በይ» ትለኛለች። ከተማዋ ተራራውን የተንተራሰች፣ በክረምት ጭቃዋ ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ አቧራዋ ከጫት ሽታ ጋር የሚነሣ ከተማ ነበረች። ሻሂ በሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ሆጃ የሚወድ ሰው፣ ማለትም የቡና ገለባ በወተት ተፈልቶ፣ አንድ ትልቅ ጣሳ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣ ነበር። ልብስ በባቡር ከድሬዳዋ እስከ ሚኤሶ ይመጣና ከዚያ በጭነት መኪና ሽቅብ ወደ እኛ ይወጣል። ማክሰኞ የወረደውን ሐሙስ የከተማው ግማሽ ለብሶት ታገኙታላችሁ። አንድ ጊዜ ብርቱካንማ ሹራብ ወርዶ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አራት ሴቶች አንድ ቀን ለብሰነው መጣንና የእስፖርት ቡድን መሰልን። ሸሪፍ ግን ከግራጫ ሱፍ ኮቱ አይወጣም፤ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ፣ አንዱ ቀይ። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ የካሴት ሱቅ ነበረች፤ ባለቤቷ አዲስ ካሴት ሲመጣለት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቀኑን ሙሉ አንዱን የኦሮምኛ ዘፈን ብቻ ያጫውታል። ሠራተኛው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ግጥሙን ይሸመድድና ስብሰባ ላይ ሳይቀር ሲያንጎራጉር ይገኛል። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ የስልክ መጠገኛ አለ። ባለፈው ሳምንት ስልኬን ልሰጠው ገብቼ ግድግዳውን ስመለከት ጠጋኙ ልጅ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀኝ።

አባቴ በሰባት ቤት ጉራጌ ተወልዶ በአሰበ ተፈሪ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ ኦሮምኛን ከአማርኛ ጋር እኩል አፌን ፈትቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ደርሼ ተመልሼ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥናትና ዕቅድ በሚባል ክፍል ውስጥ ተቀጠርኩ። ክፍሉ እኔና ሸሪፍ ነን። ጥናት እናጠናለን፣ አለቃችን አቶ ደምሴ ይፈርሙበታል፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከመሳቢያ ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጥናት ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ነበር። በመሰላ መንገድ በኩል ያሉ ሴቶች ጫታቸውን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልለው፣ በጀርባቸው አዝለው፣ ከሱብሂ አዛን በፊት ከቤት እየወጡ አሰበ ተፈሪ ድረስ በእግራቸው ያመጡ ነበር። ጫት ቀትር ከነካው ዋጋ የለውም። እኔ ደብተርና ጃንጥላ ይዤ አሥራ አንድ ቀን መንገዱ ላይ ተቀመጥኩና ያለፈችውን ሴት ሁሉ ስንት ሰዓት እንደወጣች፣ ልጇን ለማን ትታ እንደመጣች ጠየቅሁ። አንዳንዷ ትስቅብኛለች፣ አንዳንዷ ሳትቆም እየሄደች ትመልስልኛለች፣ እኔም አብሬያት እየሮጥኩ እጽፋለሁ። ከዚያ በመሰላ መንገድ ላይ መረከቢያ መጋዘን ይከፈት ብዬ ጻፍኩ። ተከፈተም። ይህ ሲሆን በጣም የተጎዱት ሐጂ ሙሜ ነበሩ፤ እስከዚያ ቀን የዚያ አቅጣጫ ጫት በሙሉ የሚራገፈው ከተማ ባለው በእሳቸው መጋዘን ነበርና። ገና ጥናቱን ሳልጨርስ ሐጂ ቢሮአችን ድረስ መጥተው ሲጮሁብኝ የካሴት ሱቁ ባለቤት እንኳ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ አዳምጧል ይባላል።

የስኮላርሺፑን ወሬ ያመጣው ሸሪፍ ነው። አዲስ አበባ ለሥራ ሄዶ ከአንድ የባህል ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ማስታወቂያውን በእጁ ገልብጦ መጣ። ትምህርቱን፣ መኖሪያውን፣ የወር የኪስ ገንዘቡን ይችላሉ፤ የአውሮፕላን ትኬት ብቻ የተማሪው ነው። ቅጽ እንዲላክልን ደብዳቤ ጻፍን፤ በሁለት ወሩ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። ውስጡ ያለው ቅጽ አንድ ስለነበር በአርባ ሳንቲም ፎቶ ኮፒ አስነሣነው። ዋናውን ሸሪፍ ለእኔ ሰጠኝና በኮፒው እሱ ሞላ። «አንቺ እጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ ኮፒ ላይ ቢጻፍ ያሳዝናል» አለኝ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሁለታችንንም ሊለቅ እንደማይችል፣ ቀድሞ የተቀበሉትን አንዱን ብቻ እንደሚለቅ ነገረን። እኛም ተጨባበጥንና የሄደው ለቀረው መጽሐፍ ይልካል ተባባልን። እንግሊዝኛው የእሱ ከእኔ በብዙ ይሻል ነበር። ልቤ ውስጥ እሱ እንደሚሄድ አውቀው ነበር፤ ግን እኔም ክፉኛ ፈልጌው ነበር። ያን ሁሉ ሴት ጠይቄ የጻፍኩት ነገር አንድ ትምህርት ውስጥ ስም እንዳለው፣ መጽሐፍ ተጽፎበት እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። እድሜዬም ሠላሳን አልፎ ነበር፤ ያ ዕድል ካለፈኝ ሌላ እንደማይመጣ ይታወቀኝ ነበር።

ቅጹ ከአንድ ድርሰት ሌላ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። በእኛ አገር የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ለማያውቅ ላስረዳ። ደጋፊው አይጽፍም። አቶ ደምሴ ዘንድ ስገባ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «አርቅቀሽ አምጪ፣ እፈርምበታለሁ» አሉኝ። የቀድሞ አስተማሪዬም፣ የአስተዳደር ኃላፊውም ያሉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ራሴን ላመሰግን ነው። ራስን ማመስገን ደግሞ እናቴ ቤት ውስጥ ከመስረቅ ትንሽ የሚሻል ነገር ነበር። «አስካለ ጎበዝ ናት» ብዬ ጻፍኩና ፊቴ ጋለ፣ ሰረዝኩት። በመጨረሻ የጻፍኩት መሥሪያ ቤት ለሠራተኛ የሚጽፈውን ነው፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርታለች፣ በሰዓቱ ትገባለች፣ የዲሲፕሊን ጉድለት የለባትም፣ ከንብረት ዕዳ ነፃ ናት፣ ይህ ደብዳቤ በጥያቄዋ መሠረት ተሰጥቷታል። ሦስቱም እንዲህ ነበሩ፤ የቃላቱን ቅደም ተከተል ብቻ ለዋወጥኩ። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ማመልከቻ ጻፊዎች መካከል የእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ወዳለው አንድ ሰው ወሰድኳቸው። የአማርኛ ገጽ በብር፣ የእንግሊዝኛ በብር ከሃምሳ። መኪናው አንዷን ፊደል ከመስመር በላይ እያዘለለ ነው የሚጽፈው፤ ሦስቱም ደብዳቤ ላይ እኩል አዘለላት። ክብ ማኅተም ተመታባቸው፣ ተፈረሙ፣ ላክሁ። ማኅተሙ ደመቅ ብሎ ስለወጣልኝ ረክቼ ነበር፤ እመኑኝ፣ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አስመትቻለሁ።

ከአራት ወር በኋላ ለሁለታችንም ደብዳቤ በአንድ ቀን መጣ። የሸሪፍ አጭር ነው፤ አንደኛ ተጠባባቂ ነህ፣ ቦታ ከተገኘ እናሳውቅሃለን ይላል። የእኔ ረዘም ይላል። ስለ መሰላ መንገድ የጻፍሽው ድርሰት በጣም ስቦናል፤ ቦታውንም ለአንቺ ለመስጠት አስበን ነበር፤ ነገር ግን ከሦስቱ ደብዳቤ ያወቅነው በሰዓቱ እንደምትገቢና ዕቃ እንዳልወሰድሽ ብቻ ነው፤ ሦስቱም በአንድ ሰው የተጻፉ ይመስላሉ፤ ይህ አሳስቦናል ይላል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ ሥራሽን ከሚያውቅ ሰው፣ በራሱ ቃል፣ አንቺ ሳታይው የታሸገ አንድ ደብዳቤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከደረሰን እንደገና እናያለን፤ ካልደረሰን ቦታው ለተጠባባቂው ይተላለፋል። አፈርኩ። ሌባ የተባልኩ ያህል ነው ያፈርኩት፤ የሚከፋው ደግሞ ያሉት ሐሰት አለመሆኑ ነው። አቶ ደምሴ ዘንድ ሄጄ ባሳያቸው ተቆጡ። «ምን ጎደለው? ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቁጥርና ቀን አለው! እኔ ቁጭ ብዬ ስላንቺ ተረት ልጽፍላቸው ነው?» አሉ። ሌሎቹ ሁለቱማ ከዚያ ወዲያ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር።

ያን ሰሞን ሸሪፍን ማየት ፈርቼ ነበር። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ የእኔ መውደቅ የእሱ መሄድ ነው፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። አንድ ቀን ቀይ እስክሪብቶውን እየከፈተና እየዘጋ፣ «ሥራሽን የሚያውቅ ሰው ነው አይደል ያሉት?» አለኝ። «አዎ።» «እዚህ አገር ጥናትሽን እስከ መጨረሻው የሰማ አንድ ሰው አለ። ሐጂ ሙሜ። ሁለት ጊዜ አስነብበውታል። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።» የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። «እሳቸውማ የሚጽፉት እርግማን ነው» አልኩት። «እሱን እንግዲህ ሄደሽ ጠይቂ» አለኝና ወረቀቱን ማየት ቀጠለ። ለምን ይህን እንዳለኝ ያን ቀን አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር ይህን መስመር እስከምጽፍ ድረስም ሙሉ በሙሉ የገባኝ አይመስለኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ ሄድኩ። ሐጂ በመጋዘናቸው በር ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ የተራገፈውን በለጬ ጫት በእጃቸው እየመዘኑ ይለዩ ነበር። የመጋዘኑ ግማሽ ባዶ ነው፤ ዓይኔን ከዚያ ባዶ ለማንሣት ታገልኩ። «አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።» «ወአለይኩም ሰላም። ነይ፣ ግቢ፣ ደግሞ ምን ልትዘጊብኝ መጣሽ?» አጠገባቸው የተቀመጡት ሳቁ። እኔ ቆሜ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ስለ ሦስቱ ደብዳቤም አልደበቅሁም። ሐጂ ሲሰሙ እጃቸው ሥራውን አላቆመም።

«ይሄ የምትሄጂበት ትምህርት ምንድነው?»

«ፐብሊክ ፖሊሲ ይባላል፣ ሐጂ። መንግሥት ውሳኔ ሲወስን እንዴት ቢወስን እንደሚሻል ማጥናት ነው።»

«እንዴ! እሱ ደግሞ ይጠናል እንዴ አቦ? እኛ እስካሁን ዝም ብሎ የሚወርድ ነበር የሚመስለን።» እንደገና ተሳቀ። ከዚያ ጫቱን አስቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ። «ወላሂ፣ በእኔ ላይ ያደረግሽውን እያወቅሽ ወደ እኔ መጣሽ?»

«ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ነው ያሉኝ፤ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም።»

«ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አሉ። «እኔ ግን አልጽፍም፣ እናገራለሁ እንጂ። የሚጽፍ ሰው አምጪ። አንቺ አትጽፊውም፣ አንቺ አትሰሚውም። እንግሊዝኛ ማን ያውቃል?»

«ሸሪፍ» አልኩ። ከእሱ ሌላ በከተማው ኦሮምኛም እንግሊዝኛም ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚበቃ ሰው አልነበረም። ሸሪፍ አንደኛ ተጠባባቂ መሆኑን ግን ለሐጂ አልነገርኳቸውም። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ብነግራቸው እሱን አይፈልጉም ብዬ ፈራሁ፤ ያልነገርኳቸው ግን ሸሪፍን የማላምነው እንዳይመስል ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሐጂ ስሙን ሲሰሙ ያስቀመጡትን ጫት መልሰው አንሥተው መዘኑና «ይምጣ» አሉ።

ሸሪፍን ስጠይቀው አላንገራገረም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለቱ መጋዘን ውስጥ ገቡ፤ እኔ ውጭ ባዶ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ድምፅ ይወጣል፣ ቃል ግን አይለይም። ሐጂ በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ ድምፃቸው ይነሣል፣ ይወርዳል፣ አንድ ጊዜ «ኢሺን ዲዴ!» ሲሉ ሰማሁ፤ እምቢ አለች ማለታቸው ነው። ምኑን ነው እምቢ ያልኩት? አንድ ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሐጂ አንድ ነገር ጠየቁ፣ ሸሪፍም በጣም ቀስ ብሎ መለሰ። ለምን ነው ጻፊው የሚጠየቀው ብዬ ተገረምኩ። ሲወጡ ፖስታው ታሽጓል፤ መዝጊያው ላይ የሐጂ አውራ ጣትና የንግድ ማኅተማቸው አርፎበታል። «ኢንተላ ቲያ» አሉኝ ሐጂ፤ ልጄ ማለት ነው፤ ከጮሁብኝ ቀን ወዲህ እንዲህ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። «ኢንሻአላህ ትሄጃለሽ» አሉ። ሸሪፍ ፖስታውን ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ሄደ፤ በሪኮማንዴ፣ ማለትም በአደራ ደብዳቤ፣ ልኮ ደረሰኙን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። ፊቱን ብመለከት ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

ተቀበሉኝ። ለትኬቱ አባቴ ሱቁ ውስጥ የነበረውን የሱሪ ጨርቅ በሙሉ በጅምላ ሸጠ፤ እኔም ስመለስ እንደማገለግል መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ፈረምኩና ሄድኩ። ስለ ብርዱና ስለ ትምህርቱ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ የሄደ ሁሉ የሚያወራው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የመጀመሪያው ወር ላይ የተቀበለችኝን የጽሕፈት ቤት ሴትዮ አግኝቼ ያ ደብዳቤ ምን ይል እንደነበር ጠየቅኋት። ፈገግ አለችና፣ ምስጢር ነው፣ ግን ኮሚቴው ካነበበው በኋላ የተከራከረ አልነበረም አለችኝ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ሲከነክነኝ ኖሯል። ሐጂ ያን ያህል አመሰገኑኝ? ወይስ ሸሪፍ አዝኖልኝ ከራሱ ጨምሮበት ነበር? ከጨመረበት እኔ ለሁለተኛ ጊዜ በሐሰት ደብዳቤ መቅረቤ ነው። ስመለስ ሸሪፍን ያልጠየቅሁት ይህን ፈርቼ ነው። መጽሐፍ አምጥቼለት ነበር፤ አመሰገነኝ፣ አነበበው። የሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሊያመለክት ሲል እናቱ ታመሙ፣ ከዚያ ያ ስኮላርሺፕ የዕድሜ ገደብ አበጀ። በኋላ እኔ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ፣ እሱ ሥራውን ለቀቀ። ሐጂ ሙሜም አረፉ። ልጆቻቸው ዛሬ ጭሮ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ አላቸው፤ ባለፍኩ ቁጥር ሽቅብ አየዋለሁ።

እና አሁን ቦርደዴ፣ በርጩማ ላይ፣ ከሸሪፍ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። ጎሚስታው መዶሻውን ያሰማል። ሰላም ከእኛ ራቅ ብላ ኔትዎርክ ፍለጋ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። አሁን ካልጠየቅሁ መቼ ልጠይቅ ነው? «ሸሪፍ» አልኩት፣ «ሐጂ ያን ቀን ምን አሉ?»

የቱን ቀን አላለኝም። ጢሙን ዳሰሰና ሳቅ አለ። «ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። እንዲህ አሉ፦ ይህቺ ልጅ የገበያዬን ግማሽ ወሰደችብኝ። ጥናቱን ስትጀምር በግ ላክሁላት፣ እምቢ አለች። ሄጄ ጮህኩባት፣ ጩኸቴን ጻፈችው። ከዚያ በማግስቱ መጥታ፣ ‹ሐጂ፣ መጋዘኑ ቢከፈት እርስዎ ምን ያጣሉ?› አለችኝ። ከመንግሥት መጥቶ ምን ታጣለህ ያለኝ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። የነገርኳትን ሳትቀንስ ሁሉን ጻፈች። ከዚያ በእኔ ላይ ፈረደች። ፍርዷ ትክክል ነው፤ እኔ ግን አልወደድኩትም።»

«ይኼው ነው? አንተ አልጨመርክበትም?»

«የእሳቸው ቃል ይኼው ነው። ከዚያ ግን ወደ እኔ ዞሩ። ‹አንተስ› አሉኝ፣ ‹ይሄ ወረቀት ከሄደ አንተ ምን ታጣለህ?›»

ውሃውን ከእጄ አስቀመጥኩ። «ያውቁ ነበር?»

«በዚያ ከተማ ያልታወቀ ምን ነበር አቦ? ‹ቦታውን አጣለሁ› አልኳቸው። ‹እሱንም ጻፈው› አሉኝ። ከታች ጻፍኩት። ይህን ቃል የተረጎምኩት እኔ፣ እሷ ካልሄደች በእሷ ቦታ የምሄደው ተጠባባቂ ነኝ፤ የሰማሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ጽፌአለሁ ብዬ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።»

የጽሕፈት ቤቷ ሴትዮ ፈገግታ፣ ያልተከራከረው ኮሚቴ፣ ሁሉም አሁን ገባኝ። እኔን የላከኝ የሐጂ ምስጋና ብቻ አልነበረም። «ለምንድነው እስከ ዛሬ ያልነገርከኝ?» አልኩት።

«አልጠየቅሽኝማ» አለ። ቂም የለበትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን ቦርደዴ ሙቀት ውስጥ ቀዘቀዘኝ። መንገድ ላይ የማላውቃትን ሴት ሁሉ ሮጬ ጠይቄያለሁ፤ የጮሁብኝን ሐጂ ተመልሼ ጠይቄያለሁ፤ በዚህ ሥራ ወንበር ተሰጠኝ፣ በዚህ ሥራ ጡረታ ወጣሁ። አንድ ጠረጴዛ የተጋራሁትን ሰው ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። አፈርኩ፤ ያ የማዶ ደብዳቤ ሲመጣ ካፈርኩት በላይ አፈርኩ።

ሾፌሩ ጎማውን አጥብቆ ጥሩምባውን ነፋ። ተሳፋሪው መግባት ጀመረ። ሸሪፍ ሊሸኘኝ ተነሣ። እኔ ግን አልተነሣሁም። «ሸሪፍ» አልኩት፣ «አንተ ምን አጣህ?»

መጀመሪያ እንደ ቀልድ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ ዓይኔን አየና ተወው። ወደ መንገዱ ተመልክቶ፣ «ጊዜ አለሽ?» አለኝ።

ሰላምን ጠርቼ ሻንጣችንን እንድታወርድ ነገርኳት። ሾፌሩ ሒሳብ አልመልስም ብሎ ተነጫነጨ፤ ይቅርብን አልኩት። መኪናው ወደ አሰቦት አቅጣጫ ሄደ። ሸሪፍ ተመልሶ ተቀመጠ፣ በርጩማዬን ወደ ጥላው አስጠጋልኝ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀመረ።